ከማሽኑ ሥር የተጫሩት ሁለት ፊደላት

ሥራ ያቆምኩት ሳንባዬ ስለከዳኝ ነው። ሐኪሙ "ከቲነር ሽታ ራቂ" ሲለኝ "ከቤትሽ ውጪ" ያለኝ ያህል ደነገጥኩ፤ ዕድሜዬን የኖርኩት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። የንግድ ፈቃዴን ለወረዳው መለስኩ፣ መሣሪያዎቼን ለሚሠራባቸው ሰጠሁ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ልጄ ጋ ገባሁ። እዚህ ጎረቤቶቼ "ዘምዘም፣ ምን ነበር ሥራሽ?" ይሉኛል። "ያረጀ ዕቃ አዲስ ማስመሰል" ስላቸው በጥርጣሬ ያዩኛል። አልቀየማቸውም። እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰውን ያየሁት በዚያው ዓይን ነው።

አባቴ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ይግባባ ስለነበር ትምህርቴን ሳቋርጥ ለጽዳት እዚያ አስገባኝ። መጥረጊያውን ይዤ የምቆመው ግን ሁልጊዜ ቀለም ቤቱ በር ላይ ነበር። የቀለም ባለሙያው ጋሽ ሽኩር ይባላሉ፤ ከስልጤ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክረው ሰጡኝና "በመዳፍሽ ሳይሆን በጣቶችሽ ጫፍ አሺው" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ የአንድ መኪና በር ሳሽ ዋልኩ። ማታ ጣቶቼ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው እናቴ ስትስቅብኝ ትዝ ይለኛል። በማግስቱ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘው።

ጋሽ ሽኩር ማንንም አያምኑም ነበር። አምፖልን እንኳ አያምኑም። የተቀባውን ዕቃ ተሸክመው ደጅ ይወጡና ፀሐይ ላይ አገላብጠው ካላዩት "ቀለሙ ገጥሟል" አይሉም። ባለመኪና ቁልፍ ሊያስረክብ ሲመጣ መኪናውን አብረውት ይዞሩና እያንዳንዱን ጭረት በገዛ ጣቱ እንዲነካ ያደርጉታል። በኋላ "እናንተ ናችሁ የጫራችሁት" እንዳይል ነው። ሥራው ሳያልቅ ደንበኛ ሻይ ቢጋብዛቸው አይጠጡም። እኔን ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ግን ቀለም አልነበረም።

"ሰውየው ዕቃዬን አዲስ አስመስሉልኝ ሲልሽ፣ ለማን ዓይን ብሎ እንደሆነ ጠይቂ" ይሉኝ ነበር። "ለራሱ ዓይን ከሆነ ሥሪለት። ለሌላ ሰው ዓይን ከሆነ ያ ሰው ማን እንደሆነ እወቂ።"

የጋራዡ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። አንድ ጊዜ የተገለበጠ መኪና ገዝቶ አመጣና አቃንተን፣ ቀብተን፣ ምንም ያልነካው አስመስለን እንድናወጣለት አዘዘ። ጋሽ ሽኩር ገዢው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት።

"ሽኩር፣ ያንተ ሥራ ቀለም ነው" አላቸው።

እሳቸው እጃቸውን በጋዝ ታጠቡ፣ ቱታቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ፣ ሄዱ። ትንሽ ቆይተው ጉርድ ሾላ ጠባብ ሱቅ መክፈታቸውን ስሰማ እኔም ተከተልኳቸው። እዚያ መኪና አልነበረም። የቴሌቪዥን፣ የቴፕ፣ የድምፅ ማጉያ፣ ኋላ ኋላም ማንኛውም የፕላስቲክ ዕቃ ገላውን እናድስ ነበር። ሆዱን ሌሎች ይጠግኑታል፤ እኛ መልኩን እንመልሳለን። ደንበኛ ሁሉ "የውስጡን ዕቃ ይቀይሩብኛል" ብሎ ይጠረጥረናል፤ እኛ ደግሞ "ከየት አምጥቶት ይሆን?" ብለን እንጠረጥረዋለን። እንዲህ ተያይተን ኖርን። ጋሽ ሽኩር ሲሞቱ ሱቁ ለእኔ ቀረ፤ ጥርጣሬውም አብሮ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አዲስ ዓይነት ደንበኛ መጣብኝ። ጎልማሶች ናቸው፤ ጥሩ ሥራ ያላቸው። በልጅነታቸው በየሰፈሩ ጌም ቤት ነበር፤ ልጆች ተራ ይዘው እየከፈሉ የሚጫወቱበት። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው፣ ከላይ ካሴት የሚሰካበት የጌም ማሽን ዛሬ ማንም አይጫወትበትም። እነሱ ግን ከየትም ፈልገው ያገኙትና ቢጫ ሆኖ፣ ተጭሮ፣ ጠርዙ ተሰብሮ ያመጡልኛል። "እንደ ድሮው አድርጊልኝ" ይላሉ።

ያ ቢጫ ቆሻሻ አይደለም። ማሽኑ ቶሎ እሳት እንዳይዘው ከፕላስቲኩ ጋር የተደባለቀ ነገር አለ፤ ዕድሜና ብርሃን ሲነካው መልኩን ያበላሸዋል። በሳሙና ብታሺው አይለቅም፤ በቀለም ብትሸፍኚው ደግሞ ቀለም የተቀባ ይመስላል እንጂ ድሮውን አይመስልም። የሚሠራው ፀጉር ቤቶች ፀጉር የሚያነጡበት ክሬም ነው። ከመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ስገዛ ሻጯ ሒጃቤን እያየች "ለራስዎ ነው?" ትለኝ ነበር። "ለፕላስቲክ ነው" ብዬ እውነቱን ስነግራት የዋሸሁ ይመስላታል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማሽኑን ፈትቼ የውስጡን አካል አወጣለሁ፣ ቅርፊቱን በጥርስ ብሩሽና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እያንዳንዱን ቀዳዳ አጥባለሁ፣ ክሬሙን እቀባለሁ፣ እንዳይደርቅ በስስ ላስቲክ ጠቅልዬ ጣሪያ ላይ አሰጣለሁ። ከዚያ መቀመጥ የለም። ክሬሙ አንድ ቦታ ከደረቀ የማይጠፋ መስመር ይሠራል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እያገላበጥኩ እቀባለሁ። ክረምት ላይ አልሠራውም። በበጋ ፀሐይ ግን ቢጫው ቀስ እያለ ሲሸሽ ማየት ደስ ይላል። የተሰበረ ጠርዝ ካለ ከሌላ አሮጌ ማሽን ተመሳሳይ ፕላስቲክ ቆርሼ፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሟሙቼ፣ እንደ ሊጥ ሞልቼ እጠግነዋለሁ። የሚከብደው ቆዳው ነው። ፕላስቲኩ በቅርብ ሲያዩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጥቃቅን ጉብታ አለው፤ እሱን ካላስመሰልሽ ጥገናሽ ከሩቅ ያስታውቃል።

ቢንያም የመጣው በእንዲህ ያለ የበጋ ወቅት ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት ሰው። ማሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ፎጣውን በከረጢት ከቶ ነበር ያመጣው። ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን አየና ፈታው። እንደዚያ የገረጣ ማሽን አይቼ አላውቅም፤ ቅቤ ነው የሚመስለው። አንድ ጠርዙ ተሰብሯል፤ ከላይ ደግሞ ሻማ ያቃጠለው የሚመስል ጉድጓድ አለው። ስገለብጠው ከሥሩ በሚስማር የተጫሩ ሁለት ፊደላት አየሁ፤ "ሀ.ገ."።

"ሁሉም እንዲስተካከል እፈልጋለሁ እትዬ" አለኝ። "ፊደሎቹም እንዲጠፉ።"

ጌም ቤቶች ማሽናቸው እንዳይሰረቅ ስማቸውን ከሥሩ ይጭሩ ነበር። የማያውቅ ሰው የለም።

"ስምህ ሀ.ገ. ነው?"

"አይደለም። ቢንያም እባላለሁ።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"የድሮ ነው" አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ከመጀመሬ በፊት ያለበትን ሁኔታ ፎቶ ላነሳ ስል እጁን በማሽኑ ላይ አደረገ። "ፎቶ ይቅር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። ለማን ብሎ እንደሚያሳምረው ስጠይቀው ደግሞ ፎጣውን ያጣጥፍ ጀመር። ለራሱ ይሁን ለሌላ ሰው እሱም የወሰነ አይመስልም። አልሠራም ብዬ ልመልሰው ይገባኝ ነበር። ያልመለስኩት ሌላ ሱቅ ሄዶ ፊደሎቹን እንደሚያስፍቃቸው ስላወቅኩ ነው። "ገላውን እሠራዋለሁ፤ ፊደሎቹን መጨረሻ ላይ እንነጋገርባቸዋለን" አልኩት። ተስማማ፤ ግን ስሠራ መቀመጥ እንደሚፈልግ ነገረኝ።

በሚቀጥሉት ቀናት ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ተቀመጠ። ሰው በገባ ቁጥር ማሽኑን በፎጣው ይሸፍናል። እናቱ ስትደውል "ቢሮ ነኝ እማዬ" ይላታል፤ እኔ ሰማሁ አልሰማሁ አይቶ ፊቱን ያዞራል። ቅርፊቱን ስከፍተው ውስጡ ጥቁር ጥላሸትና የአይጥ ኩስ ሞልቶታል። ጓዳ ወይም ሳጥን ውስጥ የኖረ ዕቃ እንዲህ አይሆንም። ኮርኒስ ላይ የኖረ ነው። ሰው ኮርኒስ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ እንዲገኝበት የማይፈልገውን ነገር ነው። ሌባ ነው አልኩ በልቤ። ግን ሌባ ከሆነ ለምን አይሸጠውም? ለምንስ አይጥለውም? አንድ ቀን ሳያውቅ ጣቱን በማሽኑ ቁልፎች ላይ ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ ልጅ ሲጫወት የሚያደርገውን ነበር የሚያደርገው። ያ ነገር ጥርጣሬዬን አላጠፋውም፤ አወሳሰበው እንጂ።

ሥራው አማረ። የሻማውን ጉድጓድ ሞላሁ፣ ጠርዙን መለስኩ፣ ላይኛውንም ታችኛውንም ቅርፊት አነጣሁ። ከሥራዬ ሁሉ ይበልጥ የኮራሁበት ነው ማለት እችላለሁ። ፊደሎቹ ብቻ ቀሩ።

"አሁን ይፋቁልኝ" አለኝ፤ ቀኑ ዓርብ ነበር።

"ሰኞ ና" አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉርድ ሾላ ውስጥ የጌም ጆይስቲክ የሚጠግን ጎረቤቴን "ሀ.ገ. የሚባል የድሮ ጌም ቤት ታውቃለህ?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ። ሀብታሙ ገብሬ። አሁን አያት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው" አለኝ። የልጆቹ ጫጫታ ትዝ አለኝ፤ ጋራዡ ውስጥ ስሠራ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማ ነበር። ባቡር ተሳፍሬ አያት ወረድኩ።

ሀብታሙ ሽበት የወረሰው፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። የጌም ማሽን ጠፍቶበት ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው የያዘውን ወረቀት ፎቶ ኮፒው ላይ አስቀምጦ ቆመ።

"ማን ነው የያዘው?" አለኝ።

እሱንም አላመንኩትም። የእኔ ነው ማለት ለማንም ቀላል ነው። "መጀመሪያ ምን እንደሚመስል ንገረኝ" አልኩት።

"ጠርዙ የተሰበረ ነው፤ ከጠረጴዛ ወድቆ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ክዳኑ ላይ ስናቆም አቃጥሎታል። ከሥሩ ስሜን ጭሬበታለሁ።"

ሁለቱም እኔ የደፈንኳቸው ጉዳቶች ናቸው። ከእኔና ከቢንያም በቀር ያየው ሰው አልነበረም። ያኔ ወንበር ጎተትኩና ተቀመጥኩ፤ እሱም ነገረኝ። ማሽኑን የገዛው ታላቅ ወንድሙ ግርማ ነው። ሀብታሙ ቤቱን እንዲያንቀሳቅስ አደራ ሰጠው። አንድ ጠዋት ሲከፍት ማሽኑ የለም፤ በሩ ግን አልተሰበረም። ግርማ "ሸጠኸዋል" አለው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ወርቁ "ወንድማማቾች ናችሁ፣ በማሽን አትጣሉ፣ ተዉት" ብለው ፈረዱ። ግርማ ግን አልተወውም። የሀብታሙ ሠርግ ላይ አልተገኘም፤ እናታቸው ስትሞት እንኳ ድንኳኑ ውስጥ ለየብቻ ነበር የተቀመጡት።

"ማሽኑን አልፈልገውም" አለኝ ሀብታሙ። "እንዳልሸጥኩት ግርማ እንዲያውቅ ነው የምፈልገው።"

ሰኞ ቢንያም መጣ። አያት መሄዴንና ሀብታሙ ያለኝን ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ "እርስዎ" ሲለኝ የነበረው ሰው "አንቺ" ማለቱን ራሱም ልብ አላለም።

"ማንም አልፈቀደልኝም" አልኩት። "ሰርቀኸዋል ብዬ ነው። ሰርቀኸዋል?"

እጁን ማሽኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ድምፁ ተሰብሮ "አቶ ወርቁ አባቴ ነው" አለኝ።

አባቱ በቅርቡ ነው የሞቱት። ኮርኒሱ ሲያፈስ ቢንያም ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ሲወጣ ማሽኑን በጆንያ ተጠቅልሎ አገኘው። በልጅነቱ ከትምህርት ቤት እየጠፋ ጌም ቤት ይውል ነበር። አባቱ ቀጥተውት፣ ለምነውት አልተመለሰም። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ተመለሰ፤ ተማረ፤ ሰው ሆነ። አባቱ የእድሩ ዳኛ ስለነበሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቁልፍ አደራ ይሰጣቸው ነበር። የጌም ቤቱም ቁልፍ እሳቸው ጋ ነበር።

"ልጥለው ወጥቼ ነበር" አለኝ። "እጄ እምቢ አለኝ። ስሙ ቢጠፋ ግን እንደማንኛውም ማሽን ይሆናል፤ ቤት ባስቀምጠው እማዬ አታውቅም ብዬ ነው። አባዬን እንደ ቅዱስ ነው የምታየው። ይህን ብትሰማ አትተርፍም።"

አንድ የሞተ ሰው ስም አለ፤ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም አለ፤ ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል። ፊደሎቹን እንደማልፍቅ ብቻ ነገርኩት። ማሽኑን ሳይወስድ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደውሎ "ጋሽ ሀብታሙን ይጥሩልኝ፤ ጋሽ ግርማ ጋ አብረን እንሄዳለን። እርስዎም ይምጡ" አለኝ።

ግርማ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲናገር ሰው ፊት የማያይ ሰው። ወንድሙን በሩ ላይ ሲያይ አልተነሳም። ቢንያም ፎጣውን ፈታና ማሽኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ግርማ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ገለበጠው፣ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

"የኛ ቢጫ ነበር" አለ። "ጠርዙም ተሰብሮ ነበር።"

"እኔ ነኝ ያደስኩት" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ማን ነሽ? ይሄ ጭረት የትናንት ነው። ውስጡ ነጭ ነው።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፕላስቲክ አዲስ ሳለ የተጫረ ጭረት ከገላው ጋር አብሮ ቢጫ ይሆናል፤ ትናንት የተጫረ ግን ከሥሩ የነጣ መስመር ያሳያል። ፊደሎቹ ሲመጡ ውስጣቸው ድረስ ቢጫ ነበሩ፤ የዓመታት እድፍም ሞልቷቸው ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፊደሎቹን አልፍቅም ብዬ ስኮራ፣ ክሬሜ ከገላው ጋር አነጣቸው፤ የጥርስ ብሩሼ እድፋቸውን አጥቦ አወጣው። የተሰበረውን ጠርዝ ደፍኛለሁ። የሻማውን ጠባሳ ደፍኛለሁ። ሀብታሙን ነጻ የሚያወጣውን ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም አሳምሬ። ፎቶ የለኝም። ይህን ሁሉ ለግርማ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሳወራ ለራሴ እንኳ የውሸት ይመስል ነበር።

"ስለዚህ አንድ አሮጌ ማሽን ገዝታችሁ፣ አሳምራችሁ፣ ስም ጭራችሁ መጣችሁ" አለ ግርማ።

ቢንያም ስለ አባቱ ነገረው። ኮርኒሱን፣ ጆንያውን፣ ቁልፉን። ግርማ ሰምቶ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"በሞተ ሰው ማሳበብ ቀላል ነው። ሀብታሙ ምን ሰጥቶህ ነው?" አለው። ከዚያ ተነሳ። "የወርቁ ሚስት እማማ አስካለ እዚሁ ከጀርባ ናቸው። እሳቸውን እጠይቃለሁ።"

ቢንያም ክንዱን ያዘው። "እሷን ተዋት ጋሽ ግርማ። እባክህ። አታውቅም።"

ሀብታሙም "ተወው ጋሼ" አለ። "አሮጊቷን አታስቸግር። ሸጬዋለሁ እንበል፤ ይብቃ።"

ግርማ ወንድሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ግን ወጣ። ቢንያም ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሀብታሙ የማሽኑን ክዳን በእጁ ይጠርግ ነበር። እኔ የምቆምበት ቦታ ጠፋኝ።

እማማ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የግርማን ክንድ ይዘው ገቡ። ትንሽ፣ የተጎበጡ ሴትዮ ናቸው። ማሽኑን ሲያዩ ቆሙ።

"ነጭ ሆነ?" አሉ።

ወንበር ተሰጣቸው። ልጃቸውን አዩት፣ ሀብታሙን አዩት፣ ከዚያ ለግርማ ተናገሩ።

"ወርቁ ነው የወሰደው። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ" አሉ። "ልጁ ትምህርቱን ተወ። ለትንሽ ጊዜ ይሰወር፣ ፈተናው ሲያልፍ እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ እናንተ ተጣላችሁ። ሽማግሌ ሆኖ ተቀመጠ። ሽማግሌ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ እንዴት አድርጎ ያውርደው?"

"ለምን እርስዎ አልነገሩንም?" አለ ግርማ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"አፈርን ልጄ። እያደር ደግሞ ይብስ ያሳፍራል።"

ቢንያም ተነስቶ እናቱ ወንበር አጠገብ ቆመ። ግርማ ወደ መደርደሪያው ዞሮ ያልተዛነፈ ካርቶን ሲያስተካክል ቆየ። ጀርባውን እንደሰጠን "ሀብታሙ" አለ።

"አቤት ጋሼ።"

"ምሳ በልተሃል?"

"አልበላሁም።"

ግርማ ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ ወጣ፤ ሀብታሙም ተከተለው። ጎን ለጎን አልሄዱም፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ነበሩ። የምግብ ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ግን ግርማ ቆሞ ጠበቀው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ አልሠራሁም። ሳንባዬም በዚያው ሰሞን ነው የባሰብኝ። ሱቄን ልዘጋ ዕቃ ስሸክፍ ቢንያም ሊሰናበተኝ መጣ። ማሽኑን ሀብታሙ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ እንዳስቀመጠው ነገረኝ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለኝ። "እኛ ቤት መሰላል ኖሮ አያውቅም። አባዬ ኮርኒስ ሲነካ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቦ ነበር የሚወጣው። እማዬ ያኔ ደግሞ አክስቴን ልታስታምም ደብረ ብርሃን የከረመች ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልጅ ነበርኩ።"

ብሩሼን አስቀመጥኩ። እማማ አስካለ ሱቁ ውስጥ ከመናገራቸው በፊት ልጃቸውን፣ ከዚያ ሀብታሙን ያዩበት ሁኔታ ትዝ አለኝ። ግርማ በመንገድ ላይ ነገሩን ነግሯቸው ይሆናል። እሳቸው የግርማን ክንድ ይዘው ሲመጡ አስበው፣ እኔም ነበርኩበት ካላሉ ማንም እንደማያምን ገብቷቸው ይሆናል። በሞተ ባል ማሳበብ ቀላል ነው፤ በራስ ላይ መመስከር ግን ቀላል አይደለም። ወይም ደግሞ በእርግጥ ከጎረቤት መሰላል ተውሰው ይዘውላቸዋል።

"እርስዎ ይጠረጥራሉ?" አለኝ።

"እጠረጥራለሁ" አልኩት። "አንተ ግን አትጠይቃት።"

"ለምን?"

"አውቃ ደብቃ ከሆነም፣ ምንም ሳታውቅ ኖራ በራሷ ላይ መስክራ ከሆነም፣ ከአንተ የምትፈልገው ጥያቄ አይመስለኝም።"

ሁለቱን ወንድማማቾች እናቱ ለነገ እሁድ ምሳ እንደጠራቻቸው ነገረኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ሽር ጉድ እያለች ነው።

"እንግዲያው እዚህ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት። "ሂድና አግዛት።"